ስጥ ላይ የዋሉት ትሎቼ

እዚህ ጅቡቲ ሰው የሚያረባው ነገር አያጣም። ሠፈራችን ካርቲየ 6 ውስጥ ፍየል የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ ፍየሎቹ ካርቶን በልተው ወተት ይሰጣሉ፣ ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም። አንዱ ጎረቤታችን እርግብ ያረባ ነበር። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ወሬ ታረባ ነበር፤ ጠዋት የነገሯት ነገር ማታ መንታ ወልዶ ይገኛል። እኔ ትል አረባሁ። ከሁላችንም ሰው የተገረመው በእኔ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬም ትክክለኛ ፍርድ አይመስለኝም።

አፍንጫችሁን ለመያዝ አትቸኩሉ። የሆድ ትል አይደለም፤ የሥጋ ትልም አይደለም። አፈር ውስጥና የበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚኖር፣ ቁመቱ ከአንዲት ሰረዝ የማይበልጥ ትል ነው። መጽሐፍ «ድቡልቡል ትል» ይለዋል፤ ለእኔ ግን የተበጠሰ የሐር ክር ነው የሚመስለኝ። ገላው እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳልፍ የበላው ሁሉ ከውጭ ይታያል። በሠፈራችን እንዲህ ሆኖ መኖር የሚችል ሰው አላውቅም።

ትምህርት የጀመርኩት የእኩዮቼ ልጆች ሊጨርሱ ሲቃረቡ ነው። ጠዋት ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ የኮንቴይነር ሰነድ አዘጋጃለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «መዳም» ይሉኛል። የባዮሎጂ መምህራችን ሙሴ ሮብሌህም በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ «መዳም» ይለኛል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያስተምር ለአዲስ ገቢ ግልጽ አልነበረም።

ያን ዓመት በታኅሣሥ እረፍት ዋዜማ ሙሴ ሮብሌህ ለእያንዳንዳችን ክብ ክብ የፕላስቲክ ሳህኖች አደለን። ክዳን አላቸው፤ ውስጣቸው የረጋና የሚያሳልፍ ነገር ፈሶበታል፤ በላዩ ላይ የትሎቹ ቀለብ የሆነው ባክቴሪያ እንደ ስስ ጉም ተነጥፏል። ትሎቹ እዚያ ላይ ይኖራሉ።

«ስትመለሱ» አለን «አንድ ወንድ ትል ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ በዓይኔ ታሳዩኛላችሁ። የትኛው ነርቭ ምን እንደሚሠራም ታስረዱኛላችሁ። ወንድ የሌለው ማርክ የለውም።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሃያ ዓመት ልጅ ቢወድቅ «ይደግማል» ይባላል። እኔ ብወድቅ ግን የትራንዚት ቢሮው አለቃዬ ለትምህርት የሰጠኝን ጠዋት መልሶ ይወስደዋል፤ «ሞክረሽ አየሽው አይደል?» ብሎ፣ እያዘነልኝ። የሚያስፈራኝ ማዘኑ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ትሎቹ ኑሮ ትንሽ ልንገራችሁ። ከእነዚህ ትሎች አብዛኞቹ ሴትም ወንድም ናቸው። እንቁላሉም ዘሩም ራሳቸው ውስጥ አለ፤ ባል አይጠብቁ፣ ሽማግሌ አይቀበሉ፣ ብቻቸውን ወልደው ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ጥርት ያለው ወንድ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። ልዩነቱ ከአንዲት ክሮሞዞም ይመጣል፦ ኤክስ የምትባለው ሁለት የደረሰችው ባለ ሁለት ጾታ ትሆናለች፤ አንድ ብቻ የደረሰው ወንድ ይሆናል። ወንድ ማለት እንግዲህ አንድ ነገር የጎደለው ማለት ነው። ይህን የምለው እኔ ሳልሆን መጽሐፉ ነው።

የምኖረው ከእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ነበር። እትዬ ብርቄ ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው ጅቡቲ ያረጁ፣ ከአዲስ አበባ ጭነው የሚመላለሱትን ሾፌሮች ሁሉ በስማቸው የሚያውቁ፣ ለጥጋበኛው ቁጣ ለደከመው መረቅ የሚያቀርቡ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው ጥግ ላይ አንድ ያረጀ የለስላሳ ፍሪጅ ቆሞ ነበር። ሲነሳ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል፤ ለስላሳ ግን አያቀዘቅዝም። ሾፌሮቹ «እትዬ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው ወይስ ቁም ሣጥን?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ገባሁበት። ለትል ከዚያ የተሻለ ቤት በመላው ጅቡቲ አልነበረም፤ ለለስላሳ የሞቀው ለትሎቼ ልክ ነበር።

«እትዬ፣ የትምህርት ቤት ዕቃ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥ?»

«አስቀምጪ የኔ ልጅ። ምንድን ነው?»

«ባዮሎጂ ነው።»

«እግዚአብሔር ይርዳሽ» አሉ፤ በሽታ መስሏቸው ነው።

ሙሴ ሮብሌህ በአደራ የሰጠኝን ትንሽ ማይክሮስኮፕ የምግብ ቤቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ተከልኩ። መስኮት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሳህኖቼን በየክዳናቸው ቀን ጽፌ፣ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደርኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላም ጥቂት ወንዶች አገኘሁባቸው። እኔ እንዲህ ነኝ፤ የከባድ መኪና ግንባር ላይ የተጻፈ ጥቅስ ፊደሉ ከተሳሳተ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ጊዜ አቶ ታደሰ የሚባል ሾፌር መኪና ላይ ስህተት አይቼ ነገርኩት። በሚቀጥለው ጉዞው አስቀብቶት መጣ። ሥርዓት ያለው ሰው ነው ብዬ አደነቅሁት፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አላሰብኩም።

ይኸው አቶ ታደሰ ነው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጥብሱ ቀርቦለት ሳለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ድምፁን ያሰማው።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ምን ጠፍቶሽ ነው እንደዚህ አጎንብሰሽ የምትፈልጊ?»

«አልጠፋብኝም አቶ ታደሰ። ትል እያየሁ ነው።»

የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። «ትል?»

«ማየት ይፈልጋሉ?»

ተነሳ። እጁን ታጥቦ፣ በሱሪው አድርቆ፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቱን አየና «ጠጉራም ነው» አለ። አስተካከልኩለት። ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። በቆየ ቁጥር ጥብሱ ይቀዘቅዛል። በድንገት፣

«ይሄ ሰውዬ ሪቨርስ እየገባ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አየሁ። እውነቱን ነው። ወንዱ ትል ጭራውን የጓደኛው ገላ ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ እየነዳ ነበር።

«ወደ ኋላ... ወደ ኋላ... ጫፍ ደረሰ! አጠፈ! አየሽ፣ በዚያኛው ጎን ሊመጣ ነው። በር እየፈለገ ነው እኮ! ረዳት አለው?»

መጽሐፉ ይህንኑ ነገር በብዙ ገጽ፣ በደረቅ ፈረንሳይኛ ነው የሚያስረዳው። እኔም በፈረንሳይኛ ሸምድጄው ነበር። በአማርኛ የገባኝ ያን ቀን ነው።

«አለው፤ ጭራው ላይ» አልኩት። «አንዱ ነርቭ ገላዋን ሲነካ <ተጠጋ> ይለዋል። ሌላው <ጫፍ ላይ ነህ፣ እጠፍ> ይለዋል። ሌላው ደግሞ <በሩ ይኸው፣ ቁም!> ይለዋል።»

«<ቁም> የሚለው ቢታመምስ?»

«በሩን ያልፈዋል። ዞሮ ይመጣል፤ አሁንም ያልፈዋል። አንዲት ጂን ስትበላሽ እንደዚያ የሚሆኑ አሉ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ በሩ ላይ መቆም ብቻ ያቅታቸዋል።»

«ምስኪን!» አለ ከልቡ። «እኔም ረዳቴን እንቅልፍ የጣለው ቀን የሰው አጥር ውስጥ ገብቻለሁ።»

«ታደሰ!» አሉ እትዬ ብርቄ ከጓዳ። «ጥብሱ ቀዘቀዘ!»

«ይቀዝቅዝ እትዬ!»

ያን ቀን ደስ አለኝ። የደስታዬን ምክንያት ግን ለሳይንስ ሰጠሁት።

ደስታዬም ብዙ አልቆየም። ወንድ ትል አንድ ክፉ ልማድ አለው። ጓደኛ በሌለበት ሳህን ላይ ካደረጉት፣ ምግቡ ከፊቱ ተነጥፎ እያለ፣ ጠግቦ ሳለ፣ ትቶት ይሄዳል። ፍለጋ ነው። ይህም ነርቩ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ያቺ የውስጥ ትእዛዝ የተበላሸችበት ወንድ ምግቡ ላይ ተቀምጦ ያረጃል። እኔ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ስለሆንኩ፣ ወንዶቹን ለፈተናው እንዳይደክሙ ብዬ ለብቻቸው በአንድ ንጹሕ ሳህን ላይ አኖርኳቸው። በማግስቱ ባየሁ ጊዜ የሳህኑን ግድግዳ ወጥተው፣ እዚያው ፕላስቲኩ ላይ እንደ ቀለም ጭረት ደርቀው ቀርተዋል። አንድም አልተረፈም።

እትዬ ብርቄ ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ፣ ትል የሚለውን ስም ሳልጠራ፣ «ምግባቸውን ትተው ሲቅበዘበዙ ያለቁ ፍጥረታት አሉ» አልኳቸው።

በራፉ ላይ ያን ሰዓት ሁለት ልጆች ቆመው ነበር፤ እነዚያ በእግራቸው መጥተው፣ ውሃ ለምነው፣ ወደ ኦቦክ ወደ ባሕሩ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር የሚያልፉት የአገራችን ልጆች። እትዬ ብርቄ ዳቦ እየሰጧቸው «እንደ እነዚህ በያቸው» አሉኝ።

«አይ እትዬ። የእኔዎቹ ጠግበው ነው የሚወጡት። ሲርባቸውማ ከምግቡ አይነቃነቁም።»

እትዬ ብርቄ ልጆቹ እስኪርቁ አዩዋቸውና «ከሰው ይሻላሉ» አሉ።

የእኔ ነገር እንግዲህ አበቃ። ሳህኖቼ ሁሉ ወንድ በማያሻቸው እናቶች ተሞልተዋል። አቶ ታደሰ፣ ወደቡ ላይ ጭነት እየጠበቀ ስለነበር፣ በነጋታው መጥቶ ሁኔታውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። በጣም አዘነ። ካዘነም በኋላ እንዲያጽናኑኝ ፈልጎ፣ እኔ ቢሮ እያለሁ፣ ለእትዬ ብርቄ ስለ እኔ ሲያወራ፣ ሲያመሰግን፣ እንዲህ ብሎ አረፈው፦ «እትዬ፣ ፍሪጅዎ ውስጥ ያሉት ትሎች ተአምር ናቸው እኮ!»

እትዬ ብርቄ ያን ጊዜ ለአሥር ሾፌር ሽሮ እያወጡ ነበር። ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ አሉ።

አሁን ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ምግብ ቤት አላችሁ፤ ስማችሁ ከአዋሽ እስከ ወደቡ የታወቀ ነው፤ ፍሪጃችሁ ውስጥ ትል አለ ተባላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ? ያገሬ ሴት ሽሮ ክክ ቢነቅዝባት፣ በርበሬ ቢሻግትባት፣ ዱቄት ትል ቢያወጣባት የምታደርገውን አደረጉ። አልጣሉትም፤ የሰው ዕቃ ነው፣ የትምህርት ነው። ፀሐይ ላይ አሰጡት።

እረፍት ስለነበር ያን ሰሞን ጠዋትም ቢሮ እገባ ነበር። ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የጫት መኪናው ጥሩምባ ከተማውን አቋርጦ ሁሉም ሰው ሥራውን ጥሎ ሲሮጥ፣ ወደ ቤት ተመለስኩ። ፍሪጁን ከፈትኩ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ሎሚ ተደርድሯል።

«እትዬ! ዕቃዬስ?»

ኮርተው ወጡ። «አትጨነቂ፣ ደርሼለታለሁ! ትል ገብቶበት ነበር፤ ደግነቱ ታደሰ ነገረኝ። ጠዋት ስጥ ላይ አውጥቼልሻለሁ። እስካሁን ተራግፎ አልቋል።»

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀንም አላደረግሁም፤ ቢያንስ እኔ አልሰማሁትም። ግን አቶ ታደሰ የጎረሰውን ሳይውጥ ነው ከጠረጴዛው የተነሳው፤ ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን የብረት መሰላል ከእኔ ቀድሞ ጨበጠ።

ጣሪያው ላይ በአንድ በኩል በርበሬ፣ በሌላው በኩል የሽሮ አተር፣ በመሀል የእኔ ሳህኖች ተደርድረዋል። ክዳናቸው ተከፍቶ። ቀን በቀን የደረደርኳቸው እንዳይመስሏችሁ፤ እንደ ድፎ ቁራሽ ተበትነዋል። ያ የረጋው ነገር ደርቆ፣ ተሸብሽቦ፣ ጠርዙ ተነስቷል። ትሎቼ ቋንጣ ሆነዋል። ክዳኖቹ ላይ የጻፍኳቸው ቀኖች ብቻ ሳይነኩ ቀርተዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አቶ ታደሰ። «ምላሴን ውሻ ይብላው።»

እትዬ ብርቄ ከታች «ወጣ ወይ ትሉ?» ብለው ጠየቁ።

መቀመጥ ስላማረኝ የአተሩ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። ተንኮሻኮሸ። አቶ ታደሰ «ቆይ፣ ተነሺ» አለኝ፤ ማዳበሪያውን ገለጠ። ሦስት ሳህኖች፣ ክዳናቸው እንደተገጠመ፣ ከሥሩ ተሸጉጠው ነበር፤ እትዬ ብርቄ ቦታ አንሷቸው «በኋላ እከፍታቸዋለሁ» ያሏቸው ናቸው። ዳሰስኳቸው። ሞቀዋል፤ ግን ታኅሣሥ ነው። የጅቡቲ ታኅሣሥ ማለት ሰው ጥላ ሥር ቆሞ የማያልበው ወር ማለት ነው። ከጥላው ሥር ለሰው የሚመች፣ ለትል ግን ትኩሳት የሚሆን ሙቀት ነበር።

ወደ ማይክሮስኮፑ ወረድን። ይንቀሳቀሳሉ። ሰካራም ይመስላሉ እንጂ ይንቀሳቀሳሉ።

«እናቶቹ ብቻ ናቸው» አልኩ። «ወንድ የለም። ብቻዬን ተርፌ ምን ላደርግ ነው?» በትሎቹ ፈንታ ነበር የተናገርኩት።

«ብቻሽን አይደለሽም» አለ አቶ ታደሰ፤ ወዲያው ደንግጦ፣ «ማለቴ፣ እነሱም አሉ» ብሎ ወደ ሳህኑ ጠቆመ።

ለእትዬ ብርቄ በመጨረሻ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ትሎቹ የገቡበት ሳይሆኑ የተቀመጡበት መሆኑን። ከዚያ ተቀምጠው ሁሉን ጠየቁኝ። ብቻዋን የምትወልደዋን ሲሰሙ «ጎበዝ ናት» አሉ። ባለ ሁለት ጾታዋ ሦስት መቶ ሁለት የነርቭ ሴሎች እንዳሏት፣ ወንዱ ግን ሰማንያ ያህል ተጨማሪ እንዳለው፣ ትርፎቹም በብዛት ጭራው ላይ እንደሚገኙ ስነግራቸው ግን ጓዳው እስኪያስተጋባ ሳቁ።

«አንቺ! የወንድ ሐሳብ ጭራው ላይ መሆኑን ለማወቅ ነው ይህን ያህል ዓመት የምትማሪው?»

አቶ ታደሰ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ያን ቀን ነው ሾፌር ፊቱ ሲቀላ ያየሁት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት፣ ከማዳበሪያው ሥር በተረፈው ሳህን ላይ፣ በልጆቹ መካከል፣ አንድ ቀጭን አየሁ። ጭራው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ወንድ! ሌላም አለ! ወንበሬ ወደቀ። ወዲያው መጽሐፌን ገለጥኩ፤ በጥቃቅን ፊደል፣ ማንም በማያነበው ጥግ ላይ ተጽፏል፦ እናቲቱ ልታድግ ስትል ሙቀት ከመታት የክሮሞዞም ክፍፍሏ ይዛባል፤ አንዳንዱ ልጅ ኤክስ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። እንግዲህ የእትዬ ብርቄ ስጥ ትል አላራገፈም፤ ወንድ ወለደ።

«እትዬ! ፀሐዩ ወንድ አመጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ በሕይወቴ የጮህኩት ያን ጊዜ ነው።

«አላልኩሽም?» አሉ፤ ከዚያ በፊት ምንም ሳይሉኝ።

ወንዶቹን በዚህ ጊዜ ለብቻቸው አላስቀመጥኳቸውም። ከእናቶቹ ጋር ባንድ ሳህን ላይ አደረግኋቸው፤ ግድግዳ የወጣ አንድም አልነበረም።

የፈተናው ቀን ተራዬ የመጨረሻው ሆነ። ከእኔ በፊት የቀረቡት ልጆች ከፊሎቹ ወንድ አልነበራቸውም፤ ከፊሎቹ ደግሞ ነበራቸው፣ ግን ወንዳቸው አፈረ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሙሴ ሮብሌህ አንድ ዓይኑ ማይክሮስኮፑ ላይ፣ አንድ ጆሮው መንገዱ ላይ ነው፤ ጥሩምባው ከተሰማ የከተማው ሳይንስ ሁሉ እንደሚያበቃ እኔም አውቃለሁ።

«መዳም፣ ይሄ ዝም ብሎ ይዞራል።»

«ሪቨርስ እየገባ ነው ሙሴ። ይጠብቁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ የሸመደድኩት ፈረንሳይኛ ሁሉ ጠፍቶኝ፣ የአቶ ታደሰን ወደብ በፈረንሳይኛ ነገርኩት፦ መኪናውን፣ መጋዘኑን፣ ከኋላ ቆመው የሚጮሁትን ረዳቶች፣ የትኛው «እጠፍ» የትኛው «ቁም» እንደሚል፣ «ቁም» ባዩ የታመመ እንደሆነ የሚሆነውን። ልጆቹ ከብበው ሰሙኝ። ትሉ አንድ ጊዜ በሩን አለፈው። ዞረ፣ በዚያኛው ጎን መጣ፣ ቀስ አለ...

ውጭ ጥሩምባው ጮኸ። ሙሴ ሮብሌህ አልተነሳም።

«ቆመ» አለ በሹክሹክታ። «መዳም፣ ቆመ!»

ከዚያ ተነሳና ጃኬቱን አንጠልጥሎ ሮጠ፤ ማርኬን የነገረኝ ከደረጃው ላይ ነው። ቀጥሎም፣ የመምህር ነገር፣ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጨመረልኝ፦ «መዳም፣ ወንዱ ሆዱ ሞልቶ ምግቡን ለምን ትቶ እንደሚሄድ ቤትዎ አስበውበት ይምጡ!»

አሰብኩበት። ካርቲየ 6 ድረስ በእግሬ እየሄድኩ አሰብኩበት። ምግብ ቤቱ ስገባ አቶ ታደሰ ሳህኑ ፊቱ ቀርቦ፣ በሩን እያየ ተቀምጧል። ጭነቱ ከትናንት በስቲያ ተጭኖ አልቋል፤ ባልደረቦቹ የገላፊን ድንበር አልፈዋል።

«አለፍሽ?» አለ ብድግ ብሎ።

«አለፍኩ።»

እትዬ ብርቄ እልል አሉ። እኔ ግን ሳህኑን ነው ያየሁት። ጥብሱ አልተነካም፤ ቅባቱ ረግቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሳህኖች ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ፤ ያ ጉርሻው የተመለሰበት፣ ያ ሳይውጥ የተነሳበት፣ ያ አስቀብቶ የመጣው ግንባርም። ይህን ሁሉ ሳምንት አጎንብሼ በማይክሮስኮፕ ስፈልግ የነበረውን ነገር!

«አቶ ታደሰ» አልኩት «ምግብዎ ቀዘቀዘ።»

«ይቀዝቅዝ» አለ።

እትዬ ብርቄን ሌላ ሳህን አስወጣሁ። ወስጄ እሱ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በላ። ሁሉንም በላ፤ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ።

ዛሬ ያ ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል። መስኮቱ ባለበት ቦታ የመብራት ማስታወቂያ ይንቦገቦጋል፤ የጥብሱም የናፍጣውም ሽታ የለም። ባለፍኩ ቁጥር ግን እግሬ ሳላዘው ይዘገያል። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ፍሪጁን ለእኛ ትተውልን ሄዱ፤ አሁንም ያጓራል፣ አሁንም አያቀዘቅዝም፣ ታደሰ ሊያሠራው ባለ ቁጥር እከለክለዋለሁ። ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ያ ወንዱ ትልሽ ይበላል?»

ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሳህኑ ባዶ ነው።

«ይበላል እትዬ» እላለሁ። «የትም አይሄድም።»